ውድ ኪቦርድ በቡሪ ድንኳን ሲመዘን

በ2023 አንደኛ ደረጃ የሚባለው ሲንተሳይዘር አሜሪካ ውስጥ ከ3,500 እስከ 4,500 ዶላር ያወጣ ነበር። ያማሃ በዚያው ዓመት ያወጣው ሞንታጅ ኤም በዚህ ዋጋ ነው ገበያ የገባው፤ የሮላንድ ፋንተም፣ የኖርድ ስቴጅና ከእነሱ ቀደም ሲል የነበረው የኮርግ ክሮኖስ ትልልቆቹ ሞዴሎችም ከዚህ ብዙ አይርቁም ነበር (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። መጓጓዣው፣ ቀረጡና የምንዛሬው ጣጣ ሲጨመርበት አዲስ አበባ ወይም ካርቱም ላለ ሙዚቀኛ ወጪው የአንድ ሰሞን ሥራ የሚሸፍነው አይሆንም። ሻጩ ታዲያ ለዚህ ሁሉ ገንዘብ ማስረጃ አድርጎ የሚያቀርበው ቁጥር ነው፤ ስንት ሺህ ድምፅ እንደተጫነበት፣ በአንድ ጊዜ ስንት ኖታ እንደሚያሰማ፣ ስንት ጊጋባይት እንደሚይዝ። እኔ የምለው ይህ ቁጥር ስለ እኛ ሙዚቃ የሚነግረን ነገር እጅግ ጥቂት ነው። የእኛ ስል ከጣና ጀምሮ አባይ ከነጭ አባይ ጋር እስከሚገናኝበት ካርቱም ድረስ የሚዘፈነውን፣ በአምስት ድምፅ ላይ የቆመውን ሙዚቃ ማለቴ ነው። ይህ ሙዚቃ ከኪቦርድ የሚጠይቀው አንድን ዜማ እንደ ሰው ጉሮሮ መምራትን፣ ማጠፍን፣ ማንቀጥቀጥን ነው። ለመመዘኛም በካርቱም ምሥራቃዊ ክፍል በአባይ ዳር የተዘረጋውን የቡሪን ሰፈር መርጫለሁ። ድንኳን መንገድ ላይ ተተክሎ አንድ ዘፋኝና አንድ ኪቦርድ ተጫዋች ሰርግ የሚያደምቁበት ከተማ፣ የመሣሪያውን ጉድ ከየትኛውም ኤግዚቢሽን ይልቅ ፈጥኖ ያወጣዋል።

ኪቦርዱ እዚያ ድንኳን ውስጥ ብቻውን የቆመው በአጋጣሚ አልነበረም። የኦምዱርማን ሬዲዮ በ1940 ሥራ ከጀመረ በኋላ የሱዳን የከተማ ዘፈን መልክ የያዘው በቫዮሊን ነው። ብዙ ቫዮሊኖች አንዱን ዜማ አብረው ይጫወታሉ፤ ዑዱና አኮርዲዮኑ ይከተላሉ፤ ቦንጎው ምቱን ይይዛል፤ ዘፋኙ ስንኙን ሲጨርስ ቫዮሊኖቹ ዜማውን ተቀብለው ይመልሱለታል። ዘፋኞቹን መሐመድ ወርዲን፣ ሰይድ ኸሊፋንና አብዱልአዚዝ አል ሙባረክን የሰማ ኢትዮጵያዊ ይህን አመላለስ በደንብ ያውቀዋል። ከዚያ በ1983 የፕሬዚዳንት ኒሜሪ የሸሪዓ ሕግ፣ በ1989 ደግሞ የአል በሽር መፈንቅለ መንግሥት መጣ። በ1996 የወጣው የካርቱም የሕዝብ ሥርዓት ሕግ የሙዚቃ ድግስን በፈቃድ አደረገው፤ ጨዋታውም ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ እንዲያበቃ ተደረገ። ኑሮው ሲወደድና ሰዓቱ ሲያጥር አሥራ ምናምን ሰው ያለበትን ጓድ ለሰርግ መጥራት ለብዙ ቤተሰብ የማይሞከር ሆነ። ያን ሁሉ ቫዮሊን ተክቶ የተቀመጠው ኪቦርድ ነው። ኦስቲናቶ የተባለው አሳታሚ በ2018 ያወጣው የሱዳን ዘፈኖች ስብስብ በርዕሱ ላይ የሱዳንን ቫዮሊንና ሲንተሳይዘር ጎን ለጎን መጥራቱ ይህንኑ ታሪክ የሚያሳይ ነው። ሕጉ በኅዳር 2019 ቢሻርም ድንኳኑ ውስጥ ያለው ኪቦርድ ቦታውን አልለቀቀም።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው የመጀመሪያው መመዘኛ ግልጽ ነው። ኪቦርዱ የተካው ዜማ የሚያዜም መሣሪያን ነው። በአንድ ጊዜ 128 ወይም 256 ኖታ የማሰማት ችሎታ፣ ፔዳል ረግጦ ኮርድ በኮርድ ላይ ለሚደራርብ ሙዚቃ ትልቅ ነገር ነው። ቀኝ እጁ አንዱን ዜማ፣ ግራ እጁ የቤዙን መስመር ይዞ ለሚጫወት ሰው ግን ከዚያ ውስጥ የሚፈልገው ከአሥር አይበልጥም። በወርዲ ዘፈን ውስጥ ቫዮሊኖቹ አንዱን ኖታ ሲይዙ እያንዳንዱ ተጫዋች በጥቂቱ ዘግይቶ፣ በጥቂቱ አንሸራቶ ነው የሚደርስበት፤ ያ ጥቂት መለያየት ነው ድምፁን ሰፊና ሕያው የሚያደርገው። ኪቦርዱ «ስትሪንግስ» ብሎ የሚያቀርበው ድምፅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለስለስ ብሎ የሚነሣ፣ ለኮርድ ታስቦ የተቀዳ ነው። ፈጣን የሱዳን ዜማ ሲጫወቱበት ጣቱ ቀድሞ ሄዶ ድምፁ ወደኋላ ይቀራል። ስለዚህ መደብር ውስጥ ሊሞከር የሚገባው ስንት ዓይነት ስትሪንግስ እንዳለው አይደለም። አንዱን ብቻ ከፍቶ፣ አነሣሡን አሳጥሮ፣ አንድ ፈጣን መልስ ተጫውቶ ማዳመጥ ይበቃል።

በድምፅ ብዛት ሳይሆን በጣት መታዘዝ ሙዚቃ እንደሚሠራ አዲስ አበባም ምስክር አላት። ያማሃ በ1983 ያወጣው ዲኤክስ 7 በአንድ ጊዜ 16 ኖታ ብቻ ነበር የሚያሰማው፤ ሆዱ ውስጥ የሚይዘውም 32 ድምፅ ነው። የስታንፎርዱ ጆን ቾውኒንግ ባገኘው፣ አንዱ ሞገድ ሌላውን በሚያናውጥበት ዘዴ ይሠራል። የዚህ ዘዴ ትልቁ ጸጋ ቁልፉ ጠንከር ተደርጎ ሲመታ ድምፁ መጮህ ብቻ ሳይሆን ቀለሙም መለወጡ ነው። በስሱ ሲነካ እንደ ክራር የሚለሰልሰው ድምፅ፣ ሲመታ እንደ ብረት ይነጥራል። የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች የነበሩት ኃይሉ መርጊያ ባንዱ በ1981 ለጉዞ አሜሪካ ከገባ በኋላ እዚያው ቀሩ፤ በ1985 «ሸሞንሟናዬ»ን ሲቀዱም አኮርዲዮንን፣ ሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖን፣ ሙግንና ዲኤክስ 7ን ለብቻቸው ሆነው አንድ ላይ አዋሐዱ። አልበሙ በ2013 እንደገና ታትሞ በዓለም ዙሪያ አዲስ አድማጭ ሲያገኝ የማረከው ነገር የመሣሪያዎቹ ኃይል አልነበረም። እያንዳንዱ ድምፅ አንድ መስመር ብቻ ተሰጥቶት፣ ያንን መስመር እንደ ዘፋኝ መምራቱ ነው። በዚያው በ1980ዎቹ ሮሃ ባንድ ውስጥ በኪቦርድና በቅንብር የሠሩት ዳዊት ይፍሩም ኪቦርዱን በጊታሩ፣ በሳክሱና በዘፋኙ መካከል ቦታ አበጅተው ያስቀመጡት እንጂ ሁሉን እንዲሸፍን አልለቀቁትም።

የቁጥሩ እሽቅድምድም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኮርግ በ1988 ኤም 1ን ሲያወጣ የፒያኖ፣ የከበሮ፣ የቤዝና የዋሽንት ቅጂዎችን ስምንት ትራክ ከሚቀዳ ሲክዌንሰር ጋር በአንድ ሣጥን አስገባ። ለአቀናባሪው ይህ ነፃነት ነበር፤ ሙሉውን ዘፈን ቤቱ ተቀምጦ ብቻውን ይጨርሳል። የካሴት ነጋዴውም ወጪው ቀለለለት። ጉዳቱ ደግሞ አብሮ መጣ፤ ፋብሪካው የጫነው ሳክስፎንና ትራምፔት ሳይነካ እንዳለ ተወስዶ ዘፈን ከዘፈን መለየት እስኪያቅት ድረስ ተደጋገመ። በሆቴልና በመጠጥ ቤት «ዋን ማን ባንድ» የሚባለው ጨዋታ ሲስፋፋም ሪትሙ፣ ቤዙና ማጀቢያው በአንድ ቁልፍ የሚነሣ ሆነ። ይህን ያመጣው የድምፅ ማነስ እንዳልሆነ ልብ ይሏል። ድምፁ በዝቶ ነበር፤ ያነሰው እያንዳንዱን ድምፅ አሽቶ የራስ ለማድረግ የሚሰጠው ጊዜና የመሣሪያው ፈቃደኝነት ነው።

ወደ ቅኝት ስንመጣ ጉዳዩ የበለጠ ይጠራል። የኪቦርድ ፋብሪካ አንዱን ኦክታቭ 12 እኩል ቦታ ይከፍለዋል፤ እያንዳንዱ ቦታ 100 ሴንት ነው፣ ሙሉው 1,200። ከሲ የሚነሣ ትዝታ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ሲሆን አብዛኛው የሱዳን ዘፈን ከሚቆምበት ግማሽ ድምፅ የሌለው ባለአምስት መሰላል ጋር አንድ ነው። የወርዲ ዘፈን ለአዲስ አበባ ጆሮ፣ የእኛም ትዝታ ለካርቱም ጆሮ እንግዳ ያልሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በዚህ መሰላል ላይ የፋብሪካው ልክ ብዙም አይጎረብጥም። አንቺሆዬ ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። በወረቀት ሲጻፍ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ይሆናል፤ ማሲንቆ ተጫዋቹ ጣቱን የሚያሳርፍበት ቦታ ግን ከእነዚህ ቁልፎች ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም፣ ከተጫዋች ተጫዋችም ይለያያል። በኪቦርድ ሲጫወቱት «ልክ ነው ግን ምን እንደጎደለው እንጃ» የሚያሰኘው ይህ ልዩነት ነው። መፍትሔው እያንዳንዱን ቁልፍ በሴንት ዝቅና ከፍ ማድረግ የሚያስችል የቅኝት ሰሌዳ ነው። ክሮኖስ ተጠቃሚው ራሱ የሚሠራቸውን ቅኝቶች የሚያስቀምጥበት ቦታ አለው፤ የመጀመሪያው ዲኤክስ 7 ይህ ባይኖረውም ተከታዩ ዲኤክስ 7 ሁለት በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጨምሮት ነበር። አስገራሚው ነገር ይህን ሰሌዳ ፊት ለፊት፣ ጣት በሚደርስበት ቦታ ያወጡት ውዶቹ ሲንተሳይዘሮች አለመሆናቸው ነው። ለዐረቡ ዓለም ተብለው የተሠሩት የያማሃ ፒኤስአር ኤ እና የኮርግ ፒኤ ኦሪየንታል ኪቦርዶች በጨዋታ መሐል አንዱን ኖታ በሩብ ድምፅ ዝቅ የሚያደርግ ቁልፍ አላቸው። የተሠሩት ለዐረቡ ቅኝት ለመቃም ቢሆንም ሴንቱን ማስተካከል ለሚያውቅ ሰው ለአንቺሆዬም ያገለግላሉ። በውዱ መሣሪያ ላይ ግን ያው ሥራ ከገጽ ገጽ እየተዘለለ የሚደረስበት ነው፤ ዘፋኙ ቅኝት ሲቀይር ተጫዋቹ ያን ያህል ጊዜ የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ የሚመስል ነገር ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። በግራ እጅ በኩል ያለው ድምፅ ማጠፊያ፣ ሙዚቀኞቻችን ፒች ቤንድ የሚሉት፣ ብዙውን ጊዜ ከፋብሪካ ሲወጣ ሁለት ግማሽ ድምፅ ብቻ እንዲያጥፍ ሆኖ ነው። ለምዕራቡ ጊታር ይበቃል። ለትዝታ ግን ከኢ እስከ ጂ ሦስት ግማሽ ድምፅ ነው፤ ሁለት ላይ የቆመ ማጠፊያ ዜማውን መንገድ ላይ ጥሎት ይቀራል። ከሲ የሚነሣ ባቲ ከሲ ወደ ኢ፣ አምባሰል ደግሞ ከዲ ፍላት ወደ ኤፍ ሲሄዱ አራት ግማሽ ድምፅ ይዘላሉ። ስለዚህ የእኛን ቅኝቶች በሙሉ እያንሸራተተ መጫወት የሚፈልግ ሰው ማጠፊያውን አራት ላይ ማድረግ አለበት። አራት ላይ ሲደረግ ደግሞ ማጠፊያው የባሰ ስሱ ይሆናል፤ በጣት ጫፍ የተገፋው ሁሉ ብዙ ይሄዳል። መንኮራኩሩ ሸካራ ወይም ልል ከሆነ መካከለኛው ኖታ ላይ በትክክል ማቆም አይቻልም። ለማሲንቆ መሰል ዜማ የሚገዛ ኪቦርድ ላይ ከስክሪኑ ስፋት በፊት መፈተሽ ያለበት የዚህች መንኮራኩር ጥራት ነው። ወደ ላይና ወደ ታች የሚያጥፈውን መጠን ለየብቻ መወሰን የሚቻልባቸው ሞዴሎች የበለጠ ይመረጣሉ። ላዩን አራት፣ ታቹን አንድ አድርጎ የዘፋኙን መንሸራተትና የመጨረሻውን መውደቅ በአንድ እጅ መያዝ ይቻላልና።

ቁልፉ ከተመታ በኋላ ጫን ሲሉት ድምፁን የሚያንቀጠቅጠው አፍተርተች የሚባለው ነገርም ከዚሁ ወገን ነው። ግራ እጁ ቤዝ ለያዘ ተጫዋች ድምፅ ማንቀጥቀጫው መንኮራኩር ላይ መድረስ አይቻልም፤ በቀኝ ጣቱ ጫን ብሎ ማንቀጥቀጥ ከቻለ ግን ዜማው ይተነፍሳል። ኮርግ በ2020 በክሮኖስ ቦታ ያወጣው ናውቲለስ ግን ያን ሁሉ ጊጋባይትና ስንት የድምፅ ሞተር ይዞ አፍተርተች ተነፍጎ ነበር የመጣው፤ ኋላ ላይ ጎድሎ የነበረውን የሚመልስ ሌላ ሞዴል ማውጣት ግድ ሆነበት። ቁጥሩ ሲጨምር ጣቱ የተረሳበት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ያማሃ ደግሞ በሞንታጅ ኤም እያንዳንዱን ቁልፍ ለየብቻ የሚሰማ አፍተርተች ሲያመጣ የሰጠው ለባለ 88 ቁልፉ ብቻ ነው። ይህ የዚያ ቤተሰብ ውዱም ከባዱም ነው፤ ከ25 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ስቱዲዮ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የሚኖር ከሆነ ግሩም ነው። ከቡሪ አል ማሐስ ወደ ባሕሪ (ሰሜን ካርቱም)፣ ከዚያ ወደ ኦምዱርማን በአንድ ሳምንት ሦስት ሰርግ ለሚጫወት ሰው ግን ጀርባውን የሚያስከፍለው ዕቃ ነው። የኖርድ ስቴጅ ትንሹ ሞዴል ወደ አሥር ኪሎ ብቻ መሆኑ፣ የሚፈለገውም ነገር ሁሉ ከላይ በራሱ ቁልፍ መውጣቱ፣ በዚህ መመዘኛ ከእጥፍ ከባዶቹ ያስቀድመዋል።

የራስን ድምፅ መጫን መቻል ሌላው ትልቅ ነጥብ ነው፤ እዚህ ላይ ስቱዲዮና መድረክ ይለያያሉ። አዲስ አበባ ያለ አቀናባሪ ማሲንቆ ሲያሻው ተጫዋቹን ደውሎ ይጠራል፤ ኪቦርዱ ማሲንቆ መምሰል አይጠበቅበትም፣ ባይሞክረውም እመርጣለሁ። ካርቱም ወይም ዋሽንግተን ላለ ኢትዮጵያዊ ግን ማሲንቆው በኪቦርዱ ውስጥ ካልገባ ድግሱ ላይ ጨርሶ አይገኝም። የሚጫነው ቅጂ እንዴት እንደተሠራ ወሳኝ ነው። አንድ ኖታ ብቻ ተቀድቶ በሁሉም ቁልፍ ላይ ከተለጠጠ፣ ከላይ ሲሄድ እንደ ትንኝ ይቀጥናል፣ ከታች ሲወርድ ይጎተታል። እያንዳንዱ የቅኝቱ ኖታ ለየብቻ፣ ቀስቱ ሲሳብና ሲገፋ ተለይቶ፣ በስሱና በኃይል ተቀድቶ ሲጫን ግን ቁልፉ የቀስቱን ጠባይ መከተል ይጀምራል። ይህን ለመሸከም የሚያስፈልገው ቦታ ዛሬ በስልክ ውስጥ ካለው ያንሳል። ስለዚህ ጥያቄው መሣሪያው ስንት ጊጋባይት አለው ሳይሆን ከውጭ የመጣ ቅጂን ምን ያህል በቀላሉ ይቀበላል፣ መብራት ሲጠፋስ እንዳለ ይጠብቀዋል ወይስ እንደገና ከፍላሽ ይጭነዋል የሚለው ነው።

መብራት ካልን አይቀር፣ ካርቱም ውስጥ የኤሌክትሪክ መቋረጥ የድግስ አካል ነው። ክሮኖስ በውስጡ ሙሉ ኮምፒውተር ያለው መሣሪያ በመሆኑ ጠፍቶ ሲነሣ ለሁለት ደቂቃ ገደማ ያስጠብቃል። ስቱዲዮ ውስጥ ቡና የሚጠጣበት ጊዜ ነው። ሙሽራው ጅርቲቅ በሚባለው የሰርግ ሥርዓት ላይ ሆኖ ሴቶቹ እልልታውን ባቀለጡበት ሰዓት ግን ሁለት ደቂቃ ዝምታ ጨዋታውን ይገድለዋል። ጄኔሬተሩ ሲነሣም ቮልቱ ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ በዚህ ሁሉ ዶላር የተገዛ መሣሪያ ከአንድ ደህና ዩፒኤስ ጋር ካልተገዛ ግዢው ጎዶሎ ነው። ከመብራቱ ይልቅ ግን ኪቦርድን ቀስ ብሎ የሚበላው ሐቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ነው። በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የላስቲክ መገናኛዎች አሉ፤ ጣት ሲያርፍ አንዱ ቀድሞ ሌላው ተከትሎ ይነካል፣ መሣሪያውም በመካከላቸው ያለውን ቅጽበት ለክቶ ምን ያህል በኃይል እንደተመታ ያውቃል። አቧራ በመሐላቸው ሲገባ ልኬቱ ይዛባል፤ በስሱ የተነካው ቁልፍ በድንገት ይጮሃል፣ ወይም ጭራሽ ዝም ይላል። ማጽዳቱ ከባድ አይደለም፣ ንጹሕ አልኮልና ትዕግሥት ይበቃል፤ እዚያ ድረስ ለመድረስ ግን መፈታት ያለበት ብሎን ብዛት ከሞዴል ሞዴል እጅግ ይለያያል። የሚገዛ ሰው ጥገና ቤት ሄዶ የትኛው በቀላሉ ይፈታል፣ የየትኛው ላስቲክ ይገኛል ብሎ ቢጠይቅ ከማስታወቂያው ወረቀት የበለጠ ይማራል።

ይህን ሁሉ ሲሰማ አንዱ ተከራካሪ ዘመኑ የኮምፒውተር ነው፣ በላፕቶፕና በአንዲት ትንሽ ሚዲ ኪቦርድ ከእነዚህ ሁሉ የተሻለ ድምፅ ይገኛል ማለቱ አይቀርም። ስቱዲዮን በተመለከተ እቀበለዋለሁ። ቅጂውን ማረም፣ ቅኝቱን በሴንት ማስተካከል፣ ቫዮሊኖቹን አንድ በአንድ ማዘግየት በኮምፒውተር ይቀላል፤ እዚያ ውድ ኪቦርድ የሚያስፈልገው በዋናነት ለጥሩ ቁልፎቹ ነው፣ ለዚያ ብቻ 4,000 ዶላር መክፈል አይገባም። ለመድረኩ ግን አልስማማም። ከ1997 እስከ 2017 ሱዳን በአሜሪካ ማዕቀብ ሥር ነበረች፤ ካርቱም ላለ ሙዚቀኛ በባንክ ካርድ ከኢንተርኔት ሶፍትዌር መግዛት የማይታሰብ ነበር፣ ኢትዮጵያም ውስጥ የውጭ ምንዛሬው ችግር ያንኑ በር አጥብቦት ኖሯል። ያልተከፈለበት ሶፍትዌር ደግሞ በየመሐሉ ፈቃድ እየጠየቀ፣ እየተበላሸ የሚያስቸግር ነው። ከዚህ በላይ፣ 40 ዲግሪ ባለፈ ሙቀት ድንኳን ውስጥ ማራገቢያው የሚያቃስት ላፕቶፕ ላይ የሰው ሰርግ ጥሎ መቆም ከባድ ኃላፊነት ነው። ኪቦርዱ አንዴ ከተከፈተ ሥራው አንድ ብቻ ነው።

የጠነከረው ተቃውሞ ከሌላ አቅጣጫ ይመጣል። ከኢትዮጵያ ድንበር አጠገብ ካለው ከገዳሪፍና ከአል ፋሻጋ አካባቢ የመጣው ኪቦርድ ተጫዋች ጃንትራ በ2023 በኦስቲናቶ በኩል የወጣውን አልበም የሠራው ለሱዳን ምትና ቃና በተስተካከለ ተራ የያማሃ ኪቦርድ ነው። ሙዚቃው ሌሊቱን ሙሉ የሚያስጨፍር፣ ዜማው እንደ ጅረት የማይቋረጥ ነው። በርካሽ መሣሪያ ይህ ከተቻለ ውዱ ለምን አስፈለገ? ለእኔ የጃንትራ ሥራ የክርክሬ ዋና ማስረጃ ነው። መሣሪያው ርካሽ ይሁን እንጂ እዚህ የተነሡትን ጥያቄዎች አብዛኛዎቹን ያሟላል። ድምፁ ለአካባቢው ጆሮ ተስተካክሏል፣ ዜማው የሚወጣው ከጣት ነው፣ ክብደቱ በአንድ እጅ የሚያዝ ነው። የሚያሳየንም ዋጋና ብቃት አብረው እንደማይሄዱ ነው። የጎደለው አለ፤ የቁልፎቹ ስሜት ደረቅ ነው፣ የቅጂዎቹ ጥራት በትልቅ ስፒከር ላይ ይሳሳል፣ በአዳራሽ ውስጥ ከሙሉ ባንድ ጋር ሲቆም ድምፁ ይዋጣል። ውዱ መሣሪያ ገንዘቡን የሚያወጣው እነዚህን ሲሞላ ነው። ከባንድ ጋር በትልቅ መድረክ የሚሠራ፣ በዓመት ብዙ ቀን የሚጫወት ሰው ይግዛው። በድንኳን ለሚሠራ ተጫዋች ግን አንድ ጥሩ ኦሪየንታል ኪቦርድ፣ የራሱ የማሲንቆና የቫዮሊን ቅጂ ተጭኖበት፣ ከሞንታጅ የተሻለ ግዢ ነው ብዬ በሙሉ ልብ እመክራለሁ።

ኪቦርድ ራሱ ነው ባንዱን የገደለው፣ ስለዚህ ስለ ጥሩና መጥፎ ኪቦርድ መከራከር ከንቱ ነው የሚሉም አሉ። ሐዘናቸው ይገባኛል። ወርዲ በ1994 አዲስ አበባ ላይ ከሙሉ ጓዱ ጋር ያቀረበው ኮንሰርት ቅጂው ስላለ፣ ምን እንደጠፋ ማንም አዳምጦ መፍረድ ይችላል። ነገር ግን ቫዮሊኖቹን ያሰናበታቸው ሕጉና ድህነቱ ነው፤ አዲስ አበባም የደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ የምሽት ባንዶችን እንዴት እንዳጎሳቆለ ታውቃለች። ኪቦርዱ ባይኖር ኖሮ ድንኳኑ ውስጥ የሚቀረው የቴፕ ሙዚቃ ነበር። ይልቅ ኪቦርዱ ሊጠየቅበት የሚገባው፣ የቀረውን አንድ ዘፋኝ እንደ ቫዮሊኖቹ እየመለሰለት፣ እያዳመጠው አብሮት መጫወት መቻሉ ነው። አውቶማቲክ ማጀቢያውን አጥፍቶ በእጅ ብቻ መጫወት የሚያስደስት ኪቦርድ ይህን ያደርጋል፤ ማጀቢያው ሲጠፋ ባዶ የሚሆነው አያደርግም።

ከሚያዝያ 2023 ወዲህ የተጨመረ አንድ መመዘኛ አለ። የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ቡሪ ከሠራዊቱ ጠቅላይ መምሪያ አጠገብ በመሆኗ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ በእሳቱ መካከል ነበረች። ከከተማዋ የወጣው ሰው፣ በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ የተሻገረውም ወደ ግብፅ የሄደውም፣ 25 ኪሎ ሣጥን ተሸክሞ የሚወጣበት ሁኔታ አልነበረም። ተጫዋች ግን ለዓመታት ያሸውን ድምፅ፣ የሠራውን ቅኝትና የጫነውን ቅጂ በአንዲት ፍላሽ ላይ አድርጎ በኪሱ ይዞ መውጣት ይችላል። ፍላሹ ሌላ ቦታ፣ ሌላ መሣሪያ ላይ ካልተነበበ ግን ዋጋ የለውም። ሞንታጅ ኤም የቀድሞውን ሞንታጅ ፋይል ያነባል፤ ናውቲለስም ከክሮኖስ ፋይል አብዛኛውን ተቀብሎ ወደ ራሱ ይለውጣል፣ ምንም እንኳ ሁሉም ነገር እንዳለ ባይተላለፍም። በሌሎች ላይ፣ በተለይ አዲስ ሞዴል በወጣ ቁጥር የፋይሉን ዓይነት በሚቀይሩት ላይ፣ የተጫዋቹ ሥራ ከብረቱ ጋር ይቀበራል። አዲስ አበባ ወይም ካይሮ ውስጥ ያገለገለ ኪቦርድ እየፈለገ ላለ የካርቱም ሙዚቀኛ ከዋጋው ቀድሞ የሚጠየቀው ጥያቄ በእጁ ያለችው ፍላሽ በዚያኛው ላይ ትከፈታለች ወይ የሚለው ነው፤ ሻጩ እምቢ ካላለው በቀር ገንዘቡን ሳይቆጥር እዚያው ሰክቶ ይሞክራት።